የበቅሎ ነጂው ትርፍ ጎማ

አባቴ ሠላሳ ምናምን ዓመት ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ በስተርጅና በቅሎ ነጂ ሆነ። በቅሎዎቹ የነበሩት ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም የምጀምረው እንዲሳቅ ብዬ ነው። መሃል ላይ ስደርስ ግን ድምፄ ይቀየርብኛል። ስለዚህ መጻፉ ይሻለኛል።

ያኔ ሸዋ ሮቢት ከአስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ጸሐፊ ነበርኩ። የእኛ ሚሊኒየም ሊገባ አንድ ዓመት ያህል ቀርቶት ነበር። ቤቷ ሁለት ኮምፒውተር ነበራት፤ አንዱን የበሩ፣ ሌላውን የጥጉ እንላቸዋለን። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ በዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። «የራሱ ዘመን ያለው ሕዝብ ምን ቸግሮት በሰው ዘመን ማመልከቻ ይጽፋል?» ይሉና፣ ደብዳቤ የሚጻፍበትን የበሩን ኮምፒውተር ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም በእጃቸው ወደ እኛ መልሰውት ነበር። ማሽኑ ግን ለፈረንጅ የተሠራ ነውና ጥቅምት ሃያ ዘጠኝን አያውቅም። የሁለተኛው ወር ሃያ ስምንተኛ ቀን ሲያልቅ ዘሎ ሦስተኛው ወር ውስጥ ይገባል። ጳጉሜንማ ጨርሶ ሰምቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ጋሼ መነጽራቸውን አጥልቀው ይመጡና ሰነፍ ተማሪ እንደሚያርሙ እየተቆጡ ያስተካክሉታል። የጥጉን ኮምፒውተር ግን ስላልነኩት እንደመጣ በፈረንጅ ዘመን ቀረ። በአንዲት ክፍል ውስጥ ሰባት ዓመት የሚራራቁ ሁለት ዘመኖች ይዘን እንሠራ ነበር ማለት ነው። ለማናችንም አልከበደንም፤ በፈረንጅ ስንት ነው ለሚለን የጥጉን አይተን እንነግረዋለን።

አባዬ የጀውሃ ሰው ነው። በቤታችን ደንብ አባት አንቱ ይባላል፤ ወንድሞቼ ሁሉ አንቱ እያሉ ነው ያደጉት። እኔ የመጨረሻ ልጅ ስለነበርኩ አፌን ስፈታ አንተ አልኩት፣ እሱም ሳቀ፣ በዚያው ቀረ። ወጣትነቱን የጨረሰው በአሰብ መንገድ ላይ ነው። ከወደቡ ዕቃ ጭኖ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ በእኛ ከተማ በኩል አልፎ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። የአሰብ መንገድ ከተዘጋ በኋላ ሽንኩርትና እህል ሲጭን ቆየ እንጂ ባሕር ዳግመኛ አላየም። ሲያወራ ሁሉ፣ ከየትም ጀምሮ፣ መጨረሻው ባሕሩ ላይ ነው።

አንድ ቀን ለሱብሂ ሶላት ሲነሣ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ደም ግፊት ኖሮበት አላወቀም ነበር፤ ስትሮክ ነው አሉን። ምላሱ በወር ተመለሰ። እግሩ በከዘራ እየታገዘ ተመለሰ። ቀኝ እጁ ግን እምቢ አለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የምትጨበጥ የጎማ ኳስ ሰጥታው «በቀን መቶ ጊዜ ይጨብጧት፤ ካላሠሯት ደርቃ ትቀራለች» አለችው። በማግስቱ ኳሷን የሰፈር ልጆች ሲራገጧት አየኋት።

«ይቺ እጅ ማርሽ ስትቀይር የኖረች ናት፤ ኳስ አላስጨብጣትም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራው በር ላይ ወንበር አውጥቶ መኪና መስማት ሆነ። ማየት አላልኩም። ዓይኑን ጨፍኖ በድምፁ ብቻ «ይሄኛው ፍሬኑን እያቃጠለ ነው ከጣርማ በር የወረደው» ይላል። ቀኝ እጁን በሽርጡ እጥፋት ውስጥ ይደብቃታል። ሰው ሊጨብጠው ሲመጣ ግራውን ይሰጥና ወዲያው ሌላ ወሬ ያነሣል። እናቴ ወጥ እየጨለፈች ወደ እሱ ሳታይ «ሰውዬው በሕይወት እያለ ሊተወን ነው» አለችኝ አንድ ቀን። አላለቀሰችም። እኔ ግን ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

እንግዲህ በእኛ አገር ሙቀት ቀትር ላይ መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ። አመልካች ከሌለ ደግሞ ጸሐፊ ሥራ የለውም። ጋሼ ቤታቸው ገብተው ጋደም ይላሉ፤ እኔ ሱቁን እጠብቃለሁ። አባዬም ቤት ውስጥ ሙቀቱ ሲጠናበት ከዘራውን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኛ ዘንድ የአየር ማራገቢያ አለ። እሱ ፊቱን ለንፋሱ ሰጥቶ ይቀመጣል፣ እኔ በጥጉ ኮምፒውተር ላይ እጫወታለሁ።

ጨዋታውን አንድ ደንበኛ ከአዲስ አበባ በሲዲ ያመጣው ነው። አንድ ሰው ትፈጥራለህ፤ መልኩን መርጠህ፣ ስም አውጥተህለት፣ አንዲት በቅሎ ትሰጠዋለህ። በቅሎዋን ጭኖ ከከተማ ከተማ እየሸጠ ይሄዳል፤ ሲያተርፍ ሌላ በቅሎ ይገዛል። ያልሄደበት አገር ካርታው ላይ ጥቁር ነው፤ ሲሄድበት ይበራል። ካርታው ጫፍ ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ተራራ ወዲያ፣ የባሕር ወደብ አለ ይባላል። እኔ ተራራው ድረስ እንኳ ደርሼ አላውቅም ነበር።

«በቅሎዋን ውሃ ሳታጠጫት አሳለፍሻት» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

ለካ ሲያይ ኖሯል። በቅሎዋ ጎን ላይ የምትታይ ትንሽ የውሃ ምልክት አለች፤ እኔ ልብ ብያት አላውቅም።

«ጨዋታ እኮ ነው አባዬ።»

«ጨዋታ ቢሆንስ! ራዲያተር ሳያይ ዳገት የሚወጣ ሾፌር አለ? እስቲ ልቀቂልኝ።»

አለና ቀኝ እጁን ከሽርጡ አወጣት። በግራው አንሥቶ ማውዙ ላይ አኖራት። እኔ እንዳላየ ሆኜ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋ ሄጄ የሌለ ወረቀት ስፈልግ ቆየሁ። ከስንት ወር በኋላ ያቺን እጅ በቀን ብርሃን ሳያት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

የራሱን ሰው ፈጠርንለት። መልኩን ሲመርጥ ወጣቶቹን ሁሉ አልፎ ሽበታም ሪዛም ላይ ቆመ። ስም ሲጠየቅ ጨዋታው የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው። «የድሮ መኪናዬን ታርጋ ጻፊበት» አለኝ። ቁጥሩን በቃሉ ነገረኝ፤ ስሙ ቁጥር ሆነ። እኛ ግን ሰውየው እንለዋለን።

ጠባብ መንገድ ላይ የማውዙን ቁልፍ ተጭኖ እንደያዙ የፊተኛዋን በቅሎ መሳብ ያስፈልጋል። ጣት ከላላ በቅሎዋ ትቆማለች፤ ካልሆነም ገደል ትገባለች። የአባዬ ጣት ደግሞ ትላላለች። ግራ እጁን የቀኙ አንጓ ላይ ጭኖ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ላቡ ሪዙ ላይ እየወረደ አንዲት ድልድይ ለማለፍ አንድ ቀትር ሙሉ ይፈጅበታል። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ከነበቅሎው ገደል ገባ።

«አለቀ» ብሎ ከዘራውን አነሣ።

«አላለቀም። ከድልድዩ በፊት አስቀምጬዋለሁ፤ እመልሰዋለሁ» አልኩት።

መለስኩት። ሰውየው ከነበቅሎው ድልድዩ አፍ ላይ ቆሞ ታየ። አባዬ ከዘራውን እንደያዘ ረጅም ጊዜ አየው።

«አሁን መውደቁን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ጭነቱም አለ?»

«ሁሉም አለ።»

«ለኛ መንገድ ይሄ ቢኖር…» አለና ጣርማ በር ላይ የቀሩትን ጓደኞቹን በግራ እጁ ጣቶች መቁጠር ጀመረ። አምስቱ ጣቶች አልበቁትም። ተወው። ከዚያ ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እንደገና ተቀመጠ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሁሉን በራሱ ቋንቋ ሰየመው። ጨዋታው ያለበትን ማስቀመጥ ማሳደር ተባለ፤ ሾፌር መኪናውን ማታ አቁሞ እንደሚያሳድር። ወደ ቤት ሊሄድ ሲነሣ ሁልጊዜ «አሳደርሽው?» ይለኛል። ወደ ሌላ ቦታ የሚገለበጠው ቅጂ ደግሞ ትርፍ ጎማ ሆነ። «ያለ ትርፍ ጎማ ጣርማ በርን የሚወጣ ቂል ነው» ይላል። ሁለት ሳምንት ያህል እንደተጫወተ፣ ድልድዩ እያስቸገረው ገና ከመጀመሪያው ወንዝ ዳር ሳይርቅ፣ የጥጉ ኮምፒውተር ታመመ፤ በሙቀቱ የተነሣ ራሱን እያጠፋ አስቸገረን። እኔም የሰውየውን ፋይል በፍላሽ ገልብጬ፣ ጨዋታውን የበሩ ኮምፒውተር ላይ ጭኜ፣ ሰውየውን ወደዚያ አዛወርኩት። ፍላሹን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩ።

«ትርፍ ጎማ ያዝሽለት?»

«ያዝኩለት አባዬ።»

በየጊዜው ይጠይቀኛል፤ እኔም ያዝኩለት እለዋለሁ። ውሸት አልነበረም። ያቺው አንዷ ግን ናት፤ አልቀየርኳትም።

ጨዋታው የተጀመረው መስከረም ነው። ታኅሣሥ ሲጋመስ ሰውየው አራት በቅሎ ነበረው። ካርታው ግማሽ በግማሽ በርቷል። አባዬ ወንዝ ባገኘ ቁጥር ያጠጣል፤ ደካማዋን በቅሎ ከፊት አድርጎ፣ በእሷ ርምጃ ሁሉንም ይነዳል። አቋራጭ ያለበትን ቦታ እያወቀ በዋናው መንገድ ነው የሚሄደው። ጋሼ ሳይቀሩ ከእንቅልፋቸው ቀደም ብለው መምጣት ጀመሩና ከኋላው ቆመው «ሾፌሬ፣ ዛሬ የት አደርን?» ይሉታል። አረፋ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ሰውየው ትልቁ ተራራ ግርጌ ደረሰ። አባዬ ተራራውን ከታች እስከ ላይ አየና «ይሄማ ጣርማ በር ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ነው።

ማታ እራት ላይ ለእናቴ «ከአረፋ በኋላ እወጣዋለሁ» አላት።

«ስንቅ ልቋጥርልህ?» አለችው። ስንት ጊዜ ሆኗት ነበር እንዲህ ከቀለደችበት! እሱም የምሩን መስሎ «ቋጥሪ እንጂ፤ ብርድ አለ» አላት።

በማግስቱ ከደብረ ብርሃን ባለሙያ መጣ። የደንበኞች ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ተሸክሞ እየመጣ ማሽኖቹን ስላሽመደመዳቸው ሁለቱም ተጠርገው እንደ አዲስ እንዲሞሉ ጋሼ ያስጠሩት ነው። ሰውየው፣ ማለቴ ባለሙያው፣ ጉም ሳይወርድ ጣርማ በርን ማለፍ አለብኝ ብሎ ቦርሳውን እንኳ ከትከሻው ሳያወርድ «የምትፈልጊውን ቶሎ አውጪ» አለኝ። የቢሮዎቹን ደብዳቤዎች አወጣሁ። ከዚያ የአባዬን ሰው ፋይል ይዤ ወደዚያች ፍላሽ ጎተትኩት።

ማሽኑ ጠየቀኝ። በዚህ ስም ሌላ ፋይል እዚያ አለ፤ የእሱ ዓመት ይህ ነው፣ የአንቺኛው ዓመት ያ ነው፤ በዚያኛው ላይ ልጻፍበት? አለኝ። ዓመቶቹን አየሁ። ፍላሹ ውስጥ ያለው በሰባት ዓመት አዲስ ነው። አሮጌ በአዲስ ላይ ይጻፋል እንዴ ብዬ፣ አውቃለሁ አውቃለሁ እያልኩ፣ አይሆንም የሚለውን ተጫንኩ። ፍላሹ ውስጥ ያለው በጥጉ ኮምፒውተር፣ በፈረንጅ ዘመን የተቀመጠ የመስከረም ሰውየ መሆኑን፣ የበሩ ማሽን ደግሞ በጋሼ ዘመን እንደሚኖር፣ በየቀኑ የማውቀውን ነገር፣ በዚያች ደቂቃ ረሳሁት። ባለሙያው ሁለቱንም ማሽኖች ጠርጎ፣ ሞልቶ፣ ሄደ። ጉሙንም አመለጠ።

ሲሄድ ጨዋታውን ጫንኩ፤ ፋይሉን መለስኩ፤ ከፈትኩት። ሰውየው በአንዲት በቅሎ የመጀመሪያው ወንዝ ዳር ቆሟል። ካርታው ጥቁር ነው።

ሦስት ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት። የመጀመሪያው ወንዝ ነው። ምን እንደሠራሁ ሲገባኝ የሱቁን በር ዘጋሁ። ለአንድ ጨዋታ እንዲህ መሆን የሚያስቅ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እኔ ያየሁት በቅሎውን አልነበረም፤ ያቺ እጅ ተመልሳ ሽርጡ ውስጥ ስትገባ ነው የታየኝ።

ያኔ ብነግረው ምን ነበረበት! አልነገርኩትም። የበዓል ሰሞን ነው፣ እሱ እስኪመጣ ቀን አለኝ፣ ራሴ ነድቼ ተራራው ግርጌ አደርሰዋለሁ አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። አረፋን ሳይጨምር አምስት ጠዋት፣ ከሥራ ሰዓት በፊት እየሄድኩ ነዳሁ። አቋራጩን ሁሉ ያዝኩ። ሸጥኩ፣ ገዛሁ፣ አራት በቅሎ አደረግሁ፣ ተራራው ግርጌ አቆምኩት። ሰውየው ሪዙም ታርጋውም ያው ነው። ማንም አያውቅም አልኩ።

ከአረፋ በኋላ አባዬ አዲስ ሽርጥ አገልድሞ መጣ። እናቴ የእውነት ብስኩት በፌስታል ቋጥራለታለች። ተቀመጠ፤ ቀኝ እጁን ማውዙ ላይ አኖረ፤ «ቢስሚላህ» አለ። ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።

ማያውን አየ። በቅሎዎቹን አንድ በአንድ አየ። ካርታውን ከፈተ፤ ዘጋው።

«ማን ነዳው?» አለኝ።

«ምን?»

«ሰውየውን ማን ነዳው? በቅሎዎቹ ውሃ አልጠጡም። ደካማዋ ከኋላ ናት። እኔ ያለፍኩበት መንገድ ጨልሟል፤ የበራው አቋራጩ ነው።» ድምፁ ከፍ አላለም። «መኪናውን ሌላ ሰው ነድቶት ያደረ ሾፌር ገና በሩን ሲከፍት ያውቃል። መቀመጫው ያስታውቃል፣ ስፖኪዮው ያስታውቃል። ማን ነዳው?»

ነገርኩት። ፍላሹን፣ ዓመቶቹን፣ አምስቱን ጠዋት፣ ሁሉንም። እያለቀስኩ ስለነገርኩት የገባው ግማሹ ይሁን ሁሉም አላውቅም። ስጨርስ ቀኝ እጁን ከማውዙ ላይ በግራው አነሣት። ሽርጡ ውስጥ ከተታት። ከዘራውን ይዞ ወጣ። የብስኩቱ ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ስገባ ስወጣ በሩ ላይ ተቀምጦ መኪና ይሰማል። ሰላም ስለው ሰላም ይለኛል፤ ከዚያ በላይ የለም። ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «የኔ ዘመን ነው በቅሎዎቹን ያጠፋቸው» አሉ። የማሽኑን ቀን በእጃቸው ወደ ፈረንጅ ሊመልሱት ተነሥተው ነበር፤ ከማሽኑ ፊት ቆሙና ግን አልሆነላቸውም። እኔም ይተዉት አልኳቸው።

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝ። «የተናደደው ስለጠፋው መሰለሽ?» አለችኝ። «አባትሽ መኪና ተገልብጦበት ያውቃል፤ ጎማ ፈንድቶበት ያውቃል። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን መሪውን ለሰው ሰጥቶ ግን አያውቅም፤ ለወንድሙም አልሰጠ። ቁጭ ብለሽ ይቅር በለኝ በይው። እንደ በሽተኛ አትደብቂበት።»

አንድም ቀን እንደ በሽተኛ አይቼው የማላውቅ ይመስለኝ ነበር። ማታ ሳይሆን ጠዋት፣ ዓይኑ እያየኝ፣ እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ አውፍ በለኝ። መሪህን ነካሁ» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። አንድ ከባድ መኪና አለፈ። ሌላም አለፈ።

«ትርፍ ጎማ ተይዟል ተብሎ አይታመንም» አለ በመጨረሻ። «ንፋስ አለው ወይ ተብሎ በየጊዜው ይታያል።»

«እሺ።»

«ያ የመጀመሪያው፣ ወንዙ ዳር ያለው፣ አሁንም አለ?»

«ፍላሹ ውስጥ አለ።»

«እሱን አምጪልኝ።»

«እሱ እኮ አባዬ አንድ በቅሎ ነው ያለው። ሦስት ወር ወደ ኋላ ነው።»

«አንድም ይሁን። የኔ ነው» አለኝ።

ያን ቀን ቀትር መጣ። እኔ የነዳሁትን አጠፋሁት፤ ፍላሹ ውስጥ ያለውን የመስከረሙን ሰውየ መለስኩለት። አባዬ በአንዲት በቅሎ ከመጀመሪያው ወንዝ ተነሣ። አጠጣት መጀመሪያ። ከዚያ ነዳ። አቋራጩን አሁንም አልያዘም፤ በዋናው መንገድ ነው የሄደው። እኔ ከኋላው ተቀምጬ በየቀኑ፣ ልክ ሲነሣ፣ «አሳደርሽው?» ሲለኝ አሳድራለሁ፤ ትርፍ ጎማውንም እቀይራለሁ።

ድልድዩ ላይ ሲደርስ፣ ያ ድሮ ገደል የገባበት ድልድይ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። አለፈው። የሆነ ነገር ጎድሎብኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። አልፎ ከሄደ በኋላ ነው የገባኝ። ግራ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው። መቼ ከአንጓው ላይ እንዳነሣት እኔም እሱም አላየንም። በየቀኑ አብረን ስለነበርን ማናችንም ልብ አላልነውም።

በዘጠነኛው ቀን ተራራው ግርጌ ደረሰ። ማውዙን ለቀቀና ወደ ኋላ ዞረ።

«እዚህ ለመድረስ ድሮ ስንት ጊዜ ፈጀብኝ?»

«ሦስት ወር።»

«አሁንስ?»

«ዘጠኝ ቀን።»

ቀኝ እጁን ፊቱ ላይ አንሥቶ አያት። በግራው ሳይደግፋት ነው ያነሣት። ገለበጣት፤ መዳፏን አየ፤ ጨበጣት፤ ዘረጋት። ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ግን ተዘረጉ። ሰውየው ሦስት ወር ወደ ኋላ ተመልሷል፤ እጁ ግን አልተመለሰችም። ያ ሁሉ ዳገት እጁ ውስጥ አድሮ ኖሯል።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ቀጥሎ ደግሞ እኔን አየና «ባታጠፊብኝ ኖሮ አላውቅም ነበር» አለኝ። አላህ ሳይደግስ አይጣላም ትላለች እናቴ። እኔም ያቺን እጅ ይዤ ሳምኳት።

ተራራውን ለመውጣት አራት ቀትር ፈጀበት። ጫፉ ላይ ሲደርስ ካርታው ፈክቶ ባሕሩ ታየ። ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው፤ ማዕበል እንኳ የለውም። አባዬ ግን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አኑሮ፣ ጋሼ መጥተው በሩን እስኪከፍቱ ድረስ አየው። ጋሼ «ሾፌሬ፣ የት አደርን?» ሲሉት «አሰብ» አላቸው፤ ተነሣና ቀኝ እጁን ዘርግቶ ጨበጣቸው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ሰውየውን ወደቡ ላይ አሳደረውና ሌላ ጉዞ አልጀመረለትም፤ «ደርሷል፤ ይረፍ» አለ። ሸሚዙን ራሱ ይቆልፋል፤ ሰው ሲጨብጠው ቀኙን ይሰጣል። ሲሞትም በዚያችው እጁ እጄን ይዞ ነው። ጽሕፈት ቤቷ ተዘግታለች፤ እኔም ከተማ ለውጫለሁ፤ ኮምፒውተር ስንት ጊዜ እንደቀያየርኩ አላስታውስም። በቀየርኩ ቁጥር ግን ከሁሉ አስቀድሜ ያችን በመኪና ታርጋ የተሰየመች ፋይል አሻግራለሁ፤ ጨዋታውንም አብሬ። ማሽኑ በዚህ ስም ሌላ አለ፣ በላዩ ልጻፍበት? ሲለኝ ቸኩዬ አልመልስም። ዓመቱን አነባለሁ፤ የማን ዓመት እንደሆነም አነባለሁ።

አንዳንዴ እከፍተዋለሁ። ሰውየው ከነሪዙ፣ ከነበቅሎዎቹ፣ ወደቡ ላይ ቆሟል፤ ደካማዋ በቅሎ ከፊት ናት፤ ሁሉም ውሃ ጠጥተዋል። ቁልፉን ተጭኜ አንድ ርምጃ ላስኬደው እጄ ይሄዳል። እመልሰዋለሁ። እስከ ዛሬ አልነዳሁትም። ያውቅብኛል።